የወንድሜ አማቶች ከጀርመን ሊመጡ ነው፤ ቪዛውንና የደቡቡን ጉዞ እንዴት ላስተካክልላቸው?

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ) — ጥር 6፣ ማታ 2፡40

እንደምን አመሻችሁ? ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

ወንድሜ ጀርመን ከገባ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። ትዳር የያዘውም እዚያው ነው። አሁን የሚስቱ አባትና እናት «የልጅ ልጆቻችን አባት ያደገበትን ከተማ ሳናይ አናርፍም» ብለው ተነሥተዋል። አባትየው 68 ዓመታቸው ነው፣ ወፍ ማየት በጣም ይወዳሉ። እናትየው 66 ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ነርስ። ወንድሜም አብሯቸው ይመጣል። እሱ ዜግነቱን ከቀየረ ሦስት ዓመቱ ነው።

ሰዎቹ አንብበው ነው የተነሡት። ላሊበላና ጎንደር ለሌላ ጊዜ ይሁን፣ በዚህኛው ጉዞ ደቡቡን በደንብ ማየት ነው የምንፈልገው ብለዋል። ስለ ጌዴኦ ትክል ድንጋይ፣ ስለ ኮንሶ እርከን፣ ስለ ሲዳማ ዘመን መለወጫ ስለ ፍቼ ጫምባላላ ይጠይቁኛል። እናትየው በቪዲዮ ደውለው «ቡርሳሜ» (ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራው የፍቼ ምግባችን) ሲሉ እናቴ እልል ብላለች።

አንድ አስጎብኚ ድርጅት ለ12 ቀን ፕሮግራም ልኮላቸዋል። አዲስ አበባ፣ አርባ ምንጭ፣ ጂንካ፣ ቱርሚ፣ ኮንሶ፣ ተመልሶ አዲስ አበባ። ሐዋሳ ያለችው አንድ መስመር ላይ ብቻ ነው፤ «ምሳ» ይላል። ጌዴኦ ጭራሽ የለም። ይህን ሳነብ አንጀቴ ነው ያረረው። የመጡት ቤተሰብ ለማየት ነው እኮ።

እንግዲህ ጥያቄዬ፣ ለቪዛው እኔ የግብዣ ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ ወይ? ወንድሜስ ወደ እናቱ ቤት ለመምጣት ቪዛ ይጠየቃል? የዘንድሮ ፍቼ መቼ ነው? ትኬት ሊቆርጡ ስለሆነ ቀኑን ዛሬ ነገ እያሉ እየጠበቁኝ ነው።

ትኬት ቢሮ (አዲስ አበባ) — ጥር 6፣ ማታ 3፡25

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ትኬትና ቪዛ ላይ ስሠራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ለሁለቱ እንግዶች የቱሪስት ኢቪዛ ይበቃቸዋል። የጀርመን ፓስፖርት የያዘ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ያመለክታል። የግብዣ ደብዳቤ አትጻፊ። እሱ የሚጠየቀው ለንግድ፣ ለስብሰባና ለመሳሰሉት ነው። ለቱሪስት የሚያስፈልገው ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ፓስፖርት፣ የፓስፖርቱ የመረጃ ገጽ ጥርት ያለ ፎቶ፣ አንድ ጉርድ ፎቶና መክፈያ ካርድ ነው። የገጹ ፎቶ ላይ ብልጭታ ካረፈበት ወይም ታች ያሉት ሁለት የፊደል መስመሮች ከተቆረጡ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ማመልከቻ የሚጓተተው በዚህች ትንሽ ነገር ነው።

ስማቸው ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ። የመካከለኛ ስም ካላቸው እሱም አይቀር።

አሁን ዋናው ነገር። የቱሪስቱ ቪዛ የ30 ቀንና የ90 ቀን አለው። ቀኑ የሚቆጠረው አውሮፕላን ከወረዱበት ቀን አይደለም። ፎርሙ ላይ «እገባለሁ» ብለው ከሞሉት ቀን ነው። ከዚያ ቀን በፊት መግባት አይቻልም። ዘግይተው ከመጡ ደግሞ ቀኑ ከ30ው ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ የመግቢያ ቀን ሳይቆረጥ ቪዛ አይሞላም። ብዙዎች ተገላቢጦሽ ነው የሚያደርጉት።

ማመልከቻው የሚገባው በመንግሥት ገጽ ብቻ ነው፤ አድራሻው በ«ጎቭ ነጥብ ኢቲ» የሚያልቀው። ጎግል ላይ ሲፈለግ ከላይ ብቅ የሚሉ፣ ባንዲራ የለጠፉ፣ የመንግሥት የሚመስሉ ሌሎች ገጾች አሉ። እነሱ መሃል ገብተው ተጨማሪ ብር የሚያስከፍሉ ናቸው።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የወጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አለ። ቢጫ ካርድ የምንለው። እሱ ካለው ያለ ቪዛ ይገባል። ከሌለው እንደ ማንኛውም የጀርመን ዜጋ ቪዛ ያወጣል። ልጆቹም በአባታቸው በኩል ካርዱን ማውጣት ይችላሉ፤ አዋጁ እስከ ቅድመ አያት ድረስ ይቆጥራል።

አላሙራ (ሐዋሳ) — ጥር 6፣ ማታ 4፡10

ትኬት ቢሮ ስለ መግቢያ ቀን ያለው እውነት ነው። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ።

የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር። የምታገባው የካናዳ ልጅ ነው። ፎርሙን የሞላሁለት እኔ ነኝ። ከቤተሰብ ፕሮግራም ላይ «ሚያዝያ 10 ይገባል» የሚለውን አይቼ ኤፕሪል 10 ብዬ ሞላሁት። ሚያዝያ 10 ግን በእነሱ ኤፕሪል 18 ነው። ትኬቱን ልጅቷ ራሷ ስለቆረጠች ልክ ነበር። ቪዛው ላይ ስምንት ቀን ከሰረ። ማንም ልብ አላለም።

ሠርጉ አለፈ፣ ሜይ 16 ሊሄድ ቦሌ ደረሰ። ቪዛው ያለቀው ሜይ 9 ነው። ቅጣቱን እስኪከፍል፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ ድረስ አውሮፕላኑ ተነሣ። ሙሽራው በር ላይ ላብ በላብ ሆኖ ሻንጣው ላይ ቁጭ ያለው ነገር እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ለፈረንጅ ቀን ስትነግሪ በእነሱ አቆጣጠር ብቻ ንገሪ። ወሩን በቁጥር አትጻፊ፣ በስሙ ጻፊ። ፎርሙንም ባለቤቱ ራሱ ይሙላው።

የጉዱማሌ ሰው (ሐዋሳ) — ጥር 7፣ ጠዋት 1፡30

ልጄ፣ የፍቼን ጥያቄ ለኔ ተይው።

ፍቼ ጫምባላላ እ.ኤ.አ 2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቀኑ ግን ግድግዳ ላይ ካለ ካላንደር አይነበብም። የሲዳማ ሰማይ አዋቂዎች፣ አያንቶዎች ናቸው ከዋክብቱንና ጨረቃን አይተው የሚቆርጡት። ከዚያ ለሽማግሌዎች፣ ከዚያም ለጎሳዎች ይነገራል። የሲዳማ ሳምንት አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ። በዚህ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ከፈረንጁ ወር ጋር አይገጥምም። ከዓመታት በፊት ሰኔ ላይ ያከበርንበት ጊዜ ነበር። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ወደ ሚያዝያና መጋቢት መጥቷል።

እንግዶችሽ ከወዲሁ ቀን ቁረጡልን ካሉ ማንም እውነተኛ መልስ አይሰጣቸውም። «ይሄ ቀን ነው» ብሎ የሚሸጥ ካለም አትመኑት። ግምት ውሰዱ፣ በግምቱ ዙሪያ ሰፋ ያለ ቀን ያዙ። ቢገጥማቸው እሰየው። ባይገጥማቸውም ቡርሳሜው ቤት ውስጥ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍቼ የሚነገርለት ታሪክ የንግሥት ታሪክ አይደለም። አግብታ የወጣች ሴት በዓመት አንዴ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ቡርሳሜ ይዛ መምጣቷ ነው፤ እሱን ጎረቤት ሁሉ ይካፈላል። ያንቺ ወንድም አማቶቹን ይዞ ወደ እናቱ ቤት ሲመጣ ከዚህ የተለየ አይደለም። ይህን ንገሪያቸው።

የታቦር ልጅ — ጥር 7፣ ቀን 6፡50

አባቴ፣ እግዜር ይስጥልን። መልሱን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ይኸውልሽ» ብቻ አለችኝ።

አላሙራ፣ ወንድሜም «መጋቢት 4» ስለው «ማርች 4?» ብሎ ነው የመለሰው። መጋቢት 4 ማርች 13 ነው። ደወልኩለትና አስተካከልን።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ። እናትየው ነርስ ስለሆኑ «ሁለት ሦስት ቀን ጤና ጣቢያ ላግዝ» ይላሉ። መድኃኒትም ይዤ እመጣለሁ እያሉ ነው። ይቻላል?

ፋርማሲ ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ) — ጥር 7፣ ማታ 1፡15

ልባቸው ይባረክ፤ ግን በቱሪስት ቪዛ ሥራ መሥራት አይቻልም። በነጻ ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው። ሕክምና ደግሞ የሙያ ፈቃድም ይጠይቃል። ማገዝ ከፈለጉ ሌላ ጊዜ በተቋም በኩል፣ በሌላ ዓይነት ቪዛ ይምጡ። መድኃኒትም በሻንጣ አይጫንም። ለራሳቸው የሚወስዱትን ግን በዋናው ማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይያዙ።

ከጤና ካነሣን፣ ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ ወባ አለ። አርባ ምንጭ ዝቅ ስለሚል ይብሳል። ከመምጣታቸው በፊት ስለ ወባ መከላከያ ሐኪማቸውን ያማክሩ። ሐይቁ ያምራል፣ ግን አይዋኙበት፤ ቢልሃርዚያ አለ። ጉማሬም አለ።

የቢጫ ወባ ካርድ ከጀርመን በቀጥታ ለሚመጣ አይጠየቅም። በመንገዳቸው ኬንያ ሳፋሪ አድርገው ከመጡ ግን ይጠየቃሉ።

ሰው የሚረሳው ነገር የጉዞ ኢንሹራንስ ነው። የአውሮፓ ኢንሹራንሶች ብዙዎቹ የራሳቸው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር «አትሂዱ» ባለበት አካባቢ ለደረሰ ነገር አይከፍሉም። አንድ አገር ውስጥ አንዱ ዞን ተፈቅዶ ሌላው ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ መስመሩን ከማጽደቃችሁ በፊት ዲላ፣ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ እያላችሁ በስም በስሙ ከማሳሰቢያው ጋር አስተያዩት። ዕድሜያቸው ገፋ ላሉ ሰዎች ይሄ ቀልድ አይደለም።

ሹፌሩ ከአቶቴ (ሐዋሳ) — ጥር 8፣ ጠዋት 12፡20

እኔ ቱሪስት ይዤ ደቡብን የነዳሁት 14 ዓመት ነው። ያ ፕሮግራም በወረቀት ላይ ያምራል። በመኪና ውስጥ ግን ወገብ ይሰብራል። 68 ዓመት ሰው ይዘሽ በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ አትንጂ። ከሐዋሳ አርባ ምንጭ በሶዶ በኩል ብቻውን አንድ ቀን ይፈልጋል።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ይረፉ። በማግስቱ በቡታጅራ መንገድ ይውጡ። መልካ ቁንጥሬ መንገድ ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ 2024 ከባልጪት ጋር የዓለም ቅርስ ሆኗል። ቀጥሎ ጢያ። እሱ እ.ኤ.አ ከ1980 ጀምሮ የተመዘገበ ነው። 36 ድንጋይ ነው ያለው፣ 32ቱ ላይ ቅርጽ አለ፤ ሰይፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙ ሰው ደቡብ ሲሄድ በፈጣን መንገድ ብቻ ስለሚወርድ ሁለቱንም ያልፋቸዋል። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ ተቆርጦ ሐዋሳ ይገባል። ቀኑ ይረዝማል፣ ግን መውረጃና ማረፊያ ስላለው አይሰለችም።

ከዚያ ሐዋሳ ላይ ይረፉ። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ ሲገቡ አባትየው አባ ኮዳውን እጃቸው ሊነካው እስኪደርስ ያዩታል። ዲላን ከሐዋሳ ተነሥተው ደርሰው ይመለሳሉ፣ ወይም እዚያው ያድራሉ። ከዚያ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ ሁለት ሌሊት፤ ሲመለሱ ከአርባ ምንጭ በአውሮፕላን አዲስ አበባ። ጂንካና ቱርሚን አውጪው። ለሌላ ጊዜ ይቅር።

ዓለም አቀፍ ትኬታቸው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጡ ይቀንስላቸዋል፣ ሲቆርጡ ይጠይቁ። ነዳጅ ደግሞ ሐዋሳና አርባ ምንጭ ላይ ሙሉ ይቀዳል፣ ወደ ፊት አገኛለሁ ተብሎ አይኬድም።

ስለ ሰዓትም ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ፈረንሳዮችን «ነገ በ2 ሰዓት እንነሣለን» ብያቸው እኔ ጠዋት ሆቴሉ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ እነሱ ተኝተዋል። የገባቸው ከሰዓት በኋላ 2 ነው። አርባ ምንጭ ጨለማ ለብሰን ገባን። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ሰዓት በወረቀት ጽፌ ነው የምሰጠው።

ዲላ ዙሪያ (ዲላ) — ጥር 8፣ ቀን 7፡05

ጌዴኦ ከፕሮግራሙ መቅረቱ እኔንም አሳዝኖኛል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር የተመዘገበው በመስከረም 2016 ነው፣ ከባሌ ተራሮች ጋር በአንድ ጉባኤ። እኛ ያን ዕለት ዲላ ላይ ያደረግነውን ደስታ ያየ አይረሳውም። ነገር ግን የብዙ አስጎብኚዎች ፕሮግራም ገና አልተለወጠም።

ሰዎች ጌዴኦ ሲባል ድንጋዩን ብቻ ያስባሉ። የተመዘገበው ግን ኑሮው ነው። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ዋንዛውና ብርብራው። ከሥሩ እንሰት። ከእንሰቱ ሥር ቡና። ሁሉም በአንድ ማሳ ላይ። አገሩ ሰው የበዛበት ነው፣ ግን ከሩቅ ስታይው ጫካ ነው የሚመስልሽ። ከመኪና ወርደው በእግር ካልገቡበት አይገባቸውም።

ትክል ድንጋዩ ከ6,000 በላይ ነው። ጨልባ ቱቲቲ ብዛቱ ያስደነግጣል። አብዛኛው ወድቋል፤ በሳርና በእንሰቱ መሃል ተጋድሟል። ቱቱ ፈላ ደግሞ ፊት አለው። ለአማቶቹ ቱቱ ፈላን አስቀድሙላቸው። ድንጋዮቹ ጉብታው ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደተሰበሰበ ሰው። ዝናብ ካባራ በኋላ የድንጋዩ ሽበት እርጥብ ሲሆን የዓይኑና የአፍንጫው ጭረት ይጎላል። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ ነው የሚያምረው።

መጀመሪያ ዲላ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ገብታችሁ አስጎብኚ ውሰዱ። ብቻችሁን አትሂዱ። ቦታውን የሚጠብቁት የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው። ድንጋዩ ላይ መቀመጥ፣ መደገፍ አይፈቀድም። ጠንካራ ጫማ ያድርጉ፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ጥብቅ ደኖቹ ጋ ስትደርሱ ደግሞ መግባት የሚቻልበትንና የማይቻልበትን እነሱ ይነግሯችኋል።

ካራት (ኮንሶ) — ጥር 9፣ ማታ 2፡00

ሹፌሩ ኮንሶ ሁለት ሌሊት ማለቱን ስላየሁ ደስ ብሎኛል። እዚህ የሚመጣው ቱሪስት አብዛኛው ወደ ጂንካ ሲያልፍ ለሁለት ሰዓት የሚቆም ነው። ፎቶ ያነሣል፣ ይሄዳል። እርከኑን ማን እንደሚጠግነው እንኳን አይጠይቅም።

የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር የተመዘገበው በሰኔ 2003 ነው። 55 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ የደከመበት ድንጋይ። እርከኑ ዛሬም ማሽላ ይዘራበታል። ዝናብ ያፈረሰውን ሰው ተሰብስቦ ይመልሰዋል። በድንጋይ የታጠሩት መንደሮቹም ሰው የሚኖርባቸው ናቸው። ሙዚየም አይደሉም፤ የሰው ደጅ ነው። መንደር ውስጥ የቆመውን የትውልድ ግንድ፣ ኦላሂታውን፣ የመንደሩን ልጆች ይዘው ይቁጠሩት። በ18 ዓመት አንድ ነው የሚተከለው። ቆጥረው ሲያባዙ የመንደሩን ዕድሜ ራሳቸው ያገኙታል።

ካራት ከተማ ቱሪስት ቢሮ ከፍላችሁ ደረሰኝና የአካባቢ አስጎብኚ ትወስዳላችሁ። ገበያው ሰኞና ሐሙስ ነው፣ ከእነዚህ አንዱን ቀን አግኙት። ከሽፈራው ቅጠል ጋር ኩርኩፋ (ከእህል ዱቄት ተድቦልቡሎ የሚቀቀለውን ምግባችንን) ይቅመሱ። ሰው ፎቶ ለማንሣት አስቀድሞ ይጠየቃል። ለልጆች ብር አይሰጥ፤ ትምህርት ትተው መኪና መጠበቅ ይለምዳሉ።

የዝናቡን ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ፈረንጆቹ መጽሐፍ ላይ «ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም» የሚለውን ያነባሉ። እሱ ለሰሜኑ ነው። የኛ ትልቁ ዝናብ በልግ ነው፣ ከመጋቢት ጀምሮ። መጋቢት ላይ ከመጡ የዝናብ ልብስ ይያዙ። አገሩ ግን ያኔ አረንጓዴ ነው።

ሞያሌ መንገድ (ይርጋለም) — ጥር 9፣ ማታ 3፡30

እግረ መንገዴን ልጠይቅ። ጓደኛዬ ኬንያ የሚሠራ ጣሊያናዊ ነው። በራሱ መኪና በሞያሌ ሊመጣ ይፈልጋል። ኢቪዛ ያስገባዋል?

ትኬት ቢሮ — ጥር 9፣ ማታ 3፡45

ኢቪዛ በዋናነት ለቦሌ ነው የተሠራው። በየብስ ለሚገባ ናይሮቢ ያለው ኤምባሲያችን ጋ ሄዶ ፓስፖርቱ ላይ ቪዛ ያስመታ። ያለ ቪዛ የሚገቡት የኬንያና የጅቡቲ ዜጎች ናቸው፣ የኬንያ መኖሪያ ፈቃድ መያዝ ብቻ አይበቃም። የመኪናውንም የጉምሩክ ወረቀት ከዚያው ይጨርስ። እስከ ሐዋሳ ያለውን መንገድ ፀጥታ ደግሞ በሚነሣበት ሳምንት ይጠይቅ፤ የወር በፊት ወሬ አይጠቅምም።

እህቴ የታቦር ልጅ፣ ለአንቺም አንድ የቀረ ነገር አለ። አባትየው ወፍ ያያሉ ብለሻል። ድሮን ይዘው እንዳይመጡ። ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ ይያዛል። ባይኖኩላርም ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ያስነሣል። ሻንጣ ውስጥ አይደብቁት። በግልጽ ያሳዩ፣ ለወፍ እንደሆነ ይናገሩ።

ቪዛውን የ30 ቀን አድርጊው። ጉዞው 12 ቀንም ቢሆን 14፣ ትርፉ ቀን አይጎዳም። ፍቼ ገፋ ቢል ትኬት ብቻ ነው የሚቀየረው። ትኬቱም ቀኑን መቀየር የሚፈቅድ ዓይነት ይሁን። ጥቂት ብር ይጨምራል፣ ግን ለእናንተ ጉዳይ ዋናው እሱ ነው። ቪዛውን በወረቀት አትመው ይያዙ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

የታቦር ልጅ — የካቲት 12፣ ማታ 2፡10

የደረሰበትን ልንገራችሁ። አስጎብኚው ድርጅት ፕሮግራሙን እንዲቀይር ወንድሜ ጠየቀ። «ጌዴኦ አንሄድም» አሉ። ተውናቸው። ከሹፌሩ ከአቶቴ ጋር በውስጥ ተነጋግረን ተስማምተናል። አሥራ አራት ቀን ሆነ። ሐዋሳ አራት ሌሊት፣ ዲላ አንድ፣ ኮንሶ ሁለት።

ቪዛው በሦስተኛው ቀን መጣ። የእናትየው አንድ ጊዜ ተመልሶ ነበር፤ ልክ እንደተባለው የፓስፖርቱ ፎቶ ታች ተቆርጦ። ወንድሜ ቢጫ ካርዱን ኤምባሲ ሄዶ ጨርሷል። የልጆቹንም ጀምሯል። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተቀየረ፣ እኔም አለቀስኩ።

አላሙራ — የካቲት 12፣ ማታ 2፡30

የመግቢያ ቀኑን አይተሽዋል አይደል?

የታቦር ልጅ — የካቲት 12፣ ማታ 2፡34

ማርች 13። ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

የታቦር ልጅ — መጋቢት 29፣ ማታ 3፡00

ትናንት ሸኘናቸው። ቤቱ ጭር ብሏል። እናንተ ባትኖሩ ይህ ጉዞ እንዲህ ስለማይሆን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ፍቼ የተቆረጠው ልክ መመለሻቸው በነበረው ዕለት ማግስት ላይ ሆነ። ዜናውን ስንሰማ ኮንሶ ነበሩ። ወንድሜ እዚያው ሆኖ ትኬቱን ቀየረ። ቪዛው ላይ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ነበራቸው። ቪዛው ልክ ለጉዞው ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ወይ ቀኑ ተሳስቶ ቢሞላ ኖሮ ይሄኔ ስለ ሌላ ነገር ነበር የምጽፍላችሁ።

ጢያ ላይ አባትየው ብዙ አልተናገሩም። ቱቱ ፈላ ላይ ግን ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ዲላ ዙሪያ ያልከው ነገር ሁሉ ልክ ነው። እናትየው አንዷ ድንጋይ ፊት ለፊት ቆመው ረጅም ጊዜ አዩዋት። በኋላ መኪና ውስጥ «የእናቴን አፍንጫ ይመስላል» አሉ። ኮንሶ ላይ ኦላሂታውን ከልጆቹ ጋር ቆጠሩ። ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ተለያየባቸውና አንድ አዛውንት መጥተው አስተካከሉላቸው።

የፍቼ ዕለት በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ፣ ጉዱማሌ ሄድን። በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች በበዓሉ ሰላምታ «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ መጡ። እናቴ ቡርሳሜው የሚቀርብበትን ጎድጓዳ ዕቃ፣ ሻፌታውን አውጥታ መሃል አስቀመጠች። ቅቤው ገና እየቀለጠ ነበር። እናትየው ማንኪያ አልጠየቁም። እናቴ በእጇ እንዴት እንደሚቆረስ አሳየቻቸው፣ እሳቸው ደግሞ ለጎረቤት ልጅ ቆርሰው ሰጡ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ቃል አይግባቡም። ከጠዋት እስከ ማታ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ዋሉ።

አባቴ የጉዱማሌ ሰው፣ ስለዚያች ሴት የነገሩኝን ለእናትየው ነግሬያቸዋለሁ። «እኔም እንደዚያች ሴት ልምጣ» ብለዋል። ጤና ጣቢያ ለማገዝም በትክክለኛው መንገድ እንዲመጡ ከአሁኑ እየጠየቁ ነው።

የጉዱማሌ ሰው (ሐዋሳ) — መጋቢት 29፣ ማታ 3፡40

ልጄ፣ ለዓመቱ ያድርሰን። ቤታቸው ነው።

ሹፌሩ ከአቶቴ (ሐዋሳ) — መጋቢት 30፣ ጠዋት 1፡05

እህቴ፣ መኪናውን ላጥብ ስገባ የኋላው በር ኪስ ውስጥ አንድ ትንሽ ደብተር አገኘሁ። የአባትየው ነው። የወፎቹን ስም በሙሉ ጽፈውበታል፣ ከአሞራ ገደል እስከ ኮንሶ። መጨረሻው ገጽ ላይ አባ ኮዳን በእርሳስ ስለውታል። ለእሳቸው ትልቅ ነገር መሆን አለበት። ዛሬ በ10 ሰዓት፣ በእኛው 10፣ በታቦር በኩል ስለማልፍ በር ላይ ጠብቂኝ። ወንድምሽ የላከሽን የፖስታ አድራሻ ይዘሽ ውጪ፤ አብረን ፖስታ ቤት ወስደን እንልከዋለን።